የተሰበረው ድልድይና ካሜራው፤ ዓለም ያሞገሳቸው ፊልሞች የሕንድንና የኢትዮጵያን ሕዝብ እንዴት እንዳሳዩ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ ግድብ ሥራ ታሪክ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ አንድ ጉዳይ ስላለ እርሱን መረጥሁ። ይኸውም በዓለም መድረክ ሽልማትና ሙገሳ ያገኙ ፊልሞች ድኻ የሚባሉትን አገሮችና ሕዝቦቻቸውን እንዴት አድርገው እንዳሳዩ ነው። ስለ ፊልም ጥበብ የመፍረድ ሥልጣን የለኝም። ሆኖም የአንድን ነገር ምስል በወረቀት ላይ ማስፈር የእኛም የዕለት ተዕለት ሥራ ስለ ሆነ፣ ምስል ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚያስቀር መጠየቅ ከሙያችን የራቀ አይመስለኝም። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ያደግሁት በደብረ ማርቆስ ነው። በልጅነታችን በከተማዋ ቪዲዮ ቤቶች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብበን ካየናቸው ፊልሞች ብዙዎቹ የሕንድ ነበሩ። ቋንቋውን ባንሰማም ታሪኩ አይጠፋንም ነበር። የተበደለች እናት፣ በልጅነታቸው የተለያዩ ወንድማማቾች፣ ርኅራኄ የሌለው አራጣ አበዳሪ፣ ከዚያም ዝናብና ዘፈን። ኋላ ምህንድስና ለመማር ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ የቁሶችን ጥንካሬ ያስተማረን አንድ ሕንዳዊ መምህር ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ደፈር ብሎ፣ በአገራቸው ሰው ሁሉ ሲያፈቅር ይዘፍን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። መምህሩ ከልባቸው ሳቁ። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔ ወደዚህ ስመጣ እናቴ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? የሻንጣዬን ግማሽ ሩዝና ምስር ሞላችው። ልጄ፣ እዚያ አገር የሚበላ የለም ብላ አለቀሰች» አሉን። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ወዲያው ግን ሁላችንም ዝም አልን። ከጎጃም የጤፍ አገር የመጣሁ ልጅ ስለ ነበርሁ፣ የዚያች እናት እንባ ለረዥም ጊዜ ከኅሊናዬ አልጠፋም።

የኢትዮጵያና የሕንድ ትውውቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጣልያን ወረራ ማብቃት በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት በብዙ የሚቆጠሩ ሕንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። የሐረር ጦር አካዳሚም በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ሲጀምር አሠልጣኞቹ ሕንዳውያን መኮንኖች ነበሩ። እንግዲህ በመማሪያ ክፍል ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ የሌላውን አገር የሚያውቀው ግን በምስል ብቻ ነበር ማለት ነው። ምስሉ ከየት መጣ? ማን ሠራው? ማንስ አጨበጨበለት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ሕንድ በካሜራ ፊት

ሕንድ በዓለም ፊልም መድረክ ላይ በራሷ ልጅ ዐይን ታየች ሊባል የሚቻለው በ1955 ሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን ፊልም ባወጣ ጊዜ ነው። የስሙ ትርጉም «የመንገዱ ዜማ» እንደ ማለት ነው። ራይ ገንዘብ አልቆበት ሥራው ተቋርጦ ሳለ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ረዳው። ገንዘቡም በመዝገብ ላይ የሰፈረው፣ በፊልሙ ስም የተነሣ፣ ለመንገድ ማሻሻያ ተብሎ ነበር። ከዓለም ታላላቅ ፊልሞች አንዱ በመንገድ ሥራ ሒሳብ መሠራቱ ለእኛ ሙያ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። ፊልሙ በአንድ ድኻ የገጠር ቤተሰብ ላይ ያተኩራል። ዱርጋ የምትባለው ልጅ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በረዥሙ ሣር መካከል ሮጣ ባቡር ስታይ፣ ኋላም በዝናብ ተመትታ ታማ ስትሞት እናያለን። በ1956 በካን የፊልም በዓል ስለ ሰው ልጅ ሕይወት ለተሠራ ምርጥ ሰነድ የሚሰጠውን ሽልማት አገኘ።

በ1957 ደግሞ መህቡብ ኻን «ማዘር ኢንዲያ»ን አወጣ። ይህ ፊልም ለአሜሪካው የኦስካር ሽልማት የታጨ ሲሆን፣ ዋናዋ ተዋናይት ናርጊስ ናት። ስለ ፊልሙ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው፣ ባሏ የተለያት ገበሬ በበሬ ፈንታ ራሷ ሞፈር ስትጎትት ነው። እኔን የሳበኝ ግን መክፈቻው ነው። ትራክተሮች፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች፣ የግድብ ሥራ ይታያሉ፤ ከዚያም ያች ሴት አርጅታ የመንደሩን አዲስ የመስኖ ቦይ እንድትከፍት ሽማግሌዎች ይለምኗታል። ያ ሁሉ መከራ የሚተረከው ውኃው በቦይ ሊፈስ በተዘጋጀበት ሰዓት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ፊልሞች መካከል ያለው ልዩነት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ክርክር ተለወጠ። በ1980 የሕንድ ፓርላማ አባል የነበረችው ናርጊስ፣ ራይ የአገሩን ድህነት ወደ ውጭ ይልካል፣ የውጭ ሰዎችም የሚሸልሙት ሕንድን በዚያ መልክ ማየት ስለሚፈልጉ ነው ስትል ከሰሰችው። ዘመናዊቷ ሕንድ ምንድን ናት ተብላ በጋዜጠኛ ስትጠየቅም የጠቀሰችው ግድቦችን ነበር። ይህን ሳነብ እንደ መሐንዲስ መኩራት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አልቻልሁም። ሞፈር የጎተተችው ሴት ሳትኖር ግድቡ ብቻውን አገር አይሆንምና። ክሷም ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። በራይ ፊልም ውስጥ ድህነት አለ፤ ድኾቹ ግን ይቀልዳሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ያፍራሉ፣ ተስፋም ያደርጋሉ። ማንም ከውጭ መጥቶ አያድናቸውም፤ የተመልካቹንም ምጽዋት አይለምኑም።

ከውጭ የመጣው ካሜራ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። በ1969 ፈረንሳዊው ሉዊ ማል ስለ ሕንድ የሠራው ረዥም ተከታታይ ፊልም በቢቢሲ በታየ ጊዜ፣ የሕንድ መንግሥት ተቆጥቶ የቢቢሲን የኒው ዴልሂ ቢሮ በ1970 ዘጋ፤ እስከ 1972ም ሳይከፈት ቆየ። በ1982 ሪቻርድ አተንቦሮ ያቀረበው «ጋንዲ» 8 ኦስካሮችን ሲያገኝ ሕንድ በአንድ ቅዱስ ሰው መልክ ታየች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1984 በወጣው ስለ ኢንዲያና ጆንስ በተሠራ የጀብዱ ፊልም ደግሞ፣ ሕንዳውያን መኳንንት የዝንጀሮ አንጎል ሲበሉ፣ የመንደር ልጆችም በአንድ አሜሪካዊ ነጻ ሲወጡ ይታያል። የሕንድ መንግሥት ፈቃድ ስለ ከለከለ ፊልሙ የተነሣው በስሪ ላንካ ነበር። በ1992 የወጣው «ሲቲ ኦቭ ጆይ» በካልካታ ሲነሣ የከተማዋ ሰዎች ተቃውሞ ገጥሞታል። በዚያም የድኾች ሰፈር ሕይወት የሚተረከው በአንድ አሜሪካዊ ሐኪም በኩል ነው። በ2008 የወጣው «ስላምዶግ ሚሊየነር» 8 ኦስካሮችን ጠቅልሎ ሲወስድ ግማሹ ሕንዳዊ ጨፈረ፤ ሌላው ደግሞ ስለ ስሙ ተሰደብን ብሎ ሰልፍ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሕንድ ቢሮ ዘግታለች፣ ፈቃድ ከልክላለች፣ ሰልፍ ወጥታለች፤ ከእነዚህ አንዱም ምስሏን አላስተካከለላትም። ያስተካከለላት ራሷ መሥራቷ ነው። በየዓመቱ በብዙ ቋንቋ ከሺህ የሚበልጥ ፊልም የምትሠራ አገር፣ የሌላ ሰው ምስል ቢያስቀይማትም ሌሎች ብዙ ምስሎች አሏት። በ2024 ፓያል ካፓዲያ የተባለች ሕንዳዊት፣ በሙምባይ ስለሚሠሩ ነርሶች ባቀረበችው ፊልም በካን ሁለተኛውን ታላቅ ሽልማት ስትቀበል፣ ያሳየችው ተራ ሠራተኛ ሴቶችን ነበር።

የእኛ ደጋ በካሜራ ፊት

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ የሚጀምረው በጦርነት ነው። በ1938 በቬኒስ የፊልም በዓል የሙሶሊኒን ዋንጫ ከተሸለሙት ፊልሞች አንዱ «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» ይባላል። የፊልሙ መጨረሻ የሚፈጸመው በኢትዮጵያው ጦርነት ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን የጣልያን ወታደሮች የተሳፈሩበትን ባቡር ሲያጠቁ፣ ጣልያናዊው አባት አውሮፕላን አብራሪ ልጁን አድኖ በጀግንነት ይሞታል። በዚህ ፊልም ውስጥ የእኛ ሰው ከሩቅ የሚተኩስ ጠላት ነው እንጂ አባትም ልጅም አይደለም። በዚያው ዓመት በጎጃም ምን ይሆን እንደ ነበር ግን እናውቃለን። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በሌላውም ወረዳ ሌሎች አርበኞች፣ ጠላትን ከምሽጉ ውጭ መቆሚያ አሳጥተውት ነበር። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ሲወጣ፣ የቬኒሱ ዋንጫ ስለዚያ የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የረሃብ ነው። በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ተሰውሮ የነበረን እልቂት በመግለጡ ለብዙ ሰው መዳን ምክንያት ሆኗል። ይኸው ፊልም ከዓመት በኋላ፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች በመሐል ገብተውበት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ ዐይነት ምስል ሁለት ቦታ ሁለት ነገር ተናገረ። ለንደን ላይ «እርዱ» አለ፤ አዲስ አበባ ላይ «ፍረዱ» አለ። ምስል ከጎኑ በሚቀመጥለት ነገር ትርጉሙ እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በጥቅምት 1984 ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረበውና ሞሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣው የቢቢሲ ዜና ደግሞ በዓለም ዙሪያ በመቶ በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ታየ። ጎሕ ሲቀድ በብርድ የተቀመጡትን እናቶችና ልጆች ያየ ሰው ሊረሳ አይችልም። የእነዚያ ሁለት ሰዎች ሥራ እጅግ ብዙ ነፍስ እንዳዳነ መካድ ምስጋና ቢስነት ይሆናል። ነገር ግን ዜናው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን እንደ መጣ መቅሠፍት ስለ ገለጸው፣ በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነትና የመንግሥቱ ፖሊሲ በተመልካቹ ዐይን ደበዘዙ። በታኅሣሥ ወር እንግሊዛውያን ዘፋኞች ያወጡት የርዳታ ዘፈን ከዚያም አልፎ፣ ዝናብም ወንዝም የማይታወቅበት፣ አንዳች የማይበቅልበት ምድር አድርጎ አቀረበን።

የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል? አባይ የሚነሣው ከሰከላ ነው። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጮቄ ተራራ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ወደ አባይ ይወርዳሉ። በዚያው በ1977 ዓ.ም. የተራቡት ወገኖቻችን ከወሎና ከሌላም አገር፣ በፈቃዳቸውም ያለ ፈቃዳቸውም፣ ያን ጊዜ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ወደ ነበረው ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተወስደው ሰፍረዋል። ረሃብ የነበረበትም፣ እህል የነበረበትም፣ ወንዝ የሚወርድበትም አንድ አገር ነበር። ከሦስቱ ለዓለም የታየው አንዱ ብቻ ነው። ኋላ የመምህራችንን ሻንጣ በሩዝና በምስር ያስሞላው ይህ አንዱ ምስል ነው።

የራሳችን ሰዎች የሠሯቸው

«እንግዲያው ራሳችን እንሥራ» የሚለው መልስ በእኛም ዘንድ ተሞክሯል። የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ወደ አገሩ መጥቶ ያነሣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 በስዊዘርላንድ የሎካርኖ በዓል ተሸልሟል። ባለ ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ አዝጋሚ ፊልም ነው። የሚያዘግመው ግን ሥራው ራሱ ስለሚያዘግም ነው። ገበሬው ሲያርስ፣ ልጅቱ ከብት ስትጠብቅ፣ ባለርስቱ ተቀምጦ ሲሳደብ ካሜራው አይቸኩልም። ከበደ ማለት የሚቀናን ሰው በፊልሙ ውስጥ ከበበ ይባላል። መሬቱን የተነጠቀ፣ እብድ ነው የሚባል ሰው ነው። በመጨረሻ በባለርስቱ ላይ እጁን የሚያነሣው እርሱ ነው። እዚህ ላይ ድኻው ተመልካች አይጠብቅም፤ ይሠራል፣ ይፈርዳል፣ ያጠፋል።

ይኸው ዲሬክተር በ2008 ያወጣው «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። በጀርመን አገር የተማረው አንበርብር ቆስሎና ተስፋ ቆርጦ በጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ወጣቶች ከጦር ምልመላ ሸሽተው በዋሻ ተደብቀዋል። መንደሩ ከተማረው ልጁ መልስ ይጠብቃል፤ እርሱም መልስ የለውም። የተማረ ሰው ለገበሬው ምን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ በዚህን ያህል ምሬት ያነሣ ሌላ ፊልም አላየሁም። እኛ መሐንዲሶች ብናየው ይበጀናል።

በ2014 የወጣው «ድፍረት» በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመን በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። በጠለፋ ተይዛ ጠላፊዋን ስለ ገደለች አንዲት ልጅና ስለ ጠበቃዋ የሚተርክ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ፊልም ታዳጊዋን የሚታደጋት የባዕድ አገር ሐኪም ሳይሆን፣ ሕግ የተማረች ኢትዮጵያዊት ናት። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ፊልሙ በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ የታሪኩ ባለቤት ማን ነው የሚል ክርክር ስለ ተነሣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋርጦ ነበር። ስለ አንድ ሰው ታሪክ ለመናገር ያ ሰው መጠየቅ እንዳለበት የራሳችን ሠሪዎችም መማር ነበረባቸው ማለት ነው። በ2015 ደግሞ ያሬድ ዘለቀ «ላም» በሚል የእንግሊዝኛ ስም፣ ማለትም «በግ» ብሎ፣ ያቀረበው ፊልም ከኢትዮጵያ በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ሆነ። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ቹኒ ከምትባል በጉ ጋር ወደ ደጋ ዘመዶቹ ይላካል። ምግብ ማብሰል ይወዳል፤ አጎቱ ግን ማረስ ተማር፣ በጓንም ለበዓል እረድ ይለዋል። ድርቅ ከበስተ ኋላ አለ፤ ከፊት ያለው ግን ብልህ ልጅ ነው።

ስለ ጎጃም ደጋ ገበሬ ግን ዓለም ያሞገሰው እንዲህ ያለ ፊልም ገና የለንም። ያለን መጽሐፍ ነው። የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ የሆኑት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ አበጀ በለው ገበሬዎቹን አስተባብሮ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ይነሣል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእውን ተነሣ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ መሬቴ ሊለካብኝ፣ ርስቴ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም ወረዳዎች አመፀ። መንግሥትም ጦር ቢያዘምትም በመጨረሻ አዋጁን እንዳሰበው ሳያስፈጽም ቀረ። የዓለም ካሜራ ግን ወደዚያ አልመጣም። ገበሬያችን ሲራብ የሚታይ፣ ሲቆጣ የማይታይ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሰባራ ድልድይ

አሁን የምጠቅሰው ፊልም አይደለም፤ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን በአገራችን በጎጃም የተነሣና የሙያችንም ጉዳይ ስለ ሆነ፣ እስከ አሁን ያልሁትን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ከሞጣ ወደ አንዳቤት በሚወስደው የእግር መንገድ፣ በአባይ ላይ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይና የኖራ ድልድይ አለ። ስሙ ሰባራ ድልድይ ይባላል፤ የመካከሉ ቅስት ፈርሷልና። በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣው ፎቶግራፍ፣ በዚያ ክፍተት ላይ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ በቆሙ ጓደኞቻቸው እየተጎተቱ ሲሻገሩ ያሳይ ነበር። ከበታቻቸው አባይ ይወርዳል። ይህን ምስል ያየ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ልቡ ተነክቶ ለገጠር ሰዎች ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቋመ። በ2002ም ክፍተቱ ተጠግኖ ሰው በእግሩ ተሻገረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ጥገናውን ሲወስደው ደግሞ በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አንድ ፎቶግራፍ ድልድይ አሠራ! ምስልን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

ነገር ግን ምስሉ ያላሳየውን እንመልከት። ያ ድልድይ ሲሠራ አሠሪዎቹ የራሳችን ነገሥታት ነበሩ። ለብዙ ዘመን የሁለት አገር ገበያ አገናኝቷል። የፈረሰውም በዕድሜ ወይም በቸልታ አይደለም። በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት የአገሬው ሰው ራሱ አፈረሰው። ከዚያም በኋላ ያ ሕዝብ አልቆመም። ገመድ አምጥቶ፣ በዚህና በዚያ ጎበዝ አቁሞ፣ ለስድሳ ዓመት ያህል ሰውና ዕቃ አሻገረ። እንግዲህ ፎቶግራፉ ላይ «ድህነት» ተብሎ የታየው ክፍተት፣ በታሪኩ ሲነበብ የአርበኝነት ቁስል ነው። «ችጋር» ተብሎ የታየው ገመድም የሕዝብ የራሱ የመሻገሪያ ዘዴ ነው። ምስሉ አልዋሸም፤ ያለ ምክንያቱ ቆመ እንጂ።

እኛ አንድን ሕንፃ በፕላን ብቻ አንሥልም። ኤሌቬሽን እንጨምራለን፣ ሴክሽን እንቆርጣለን፤ በአንድ ሥዕል ብቻ ሕንፃ ሊያስጀምር የመጣ ሥራ ተቋራጭ ቢኖር እንመልሰዋለን። ዓለም ስለ ሕንድም ስለ እኛም የተቀበለው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሥዕል ነው። ያም ሥዕል ጭነቱን አሳይቶ ተሸካሚውን ያስቀረ ነው።

የራሳችን ነገር

በሌሎች ላይ ይህን ያህል ከተናገርሁ፣ የራሴንም መናገር ተገቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጮቄ ግርጌ ባለ አንድ ቀበሌ በመጠጥ ውኃ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። ምንጭ አጎልብተን በቧንቧ ወደ ሦስት ቦኖ አወረድን። ቦዩን የቆፈረው የቀበሌው ሰው ነው። ሴቱም ወንዱም በድንጋያማ መሬት ላይ በዶማና በአካፋ ከሁለት ወር በላይ ደክሟል። ሥራው ሲያልቅ ከገንዘብ ረጂው በኩል ፊልም አንሺዎች መጡ። ውኃው ሲቀዳ አነሡ፤ ደስ አለን። ቀጥሎ ግን «ከሥራው በፊት የነበረውን» ፈለጉ። አንዲት ትልቅ ሴት እንስራ አዝለው ወደ አሮጌው ወንዝ እንዲወርዱላቸው ጠየቁ። የቢጫ ጀሪካናቸውንም አስቀመጡባቸው።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ውኃው እደጄ መጥቶልኝ ሳለ ወንዝ ውረጂ የምትሉኝ ምን በድዬ ነው?» አሉኝ። እኔም፣ «እማማ፣ ለሪፖርት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይታዘዙን» ብዬ ለመንኋቸው። እንስራውን አዝለው እየወረዱ፣ «ቦይ ስንቆፍር የት ነበራችሁ? ያኔ ብታነሡን ምናለበት?» ሲሉ ሰማሁ። መልስ አልነበረኝም።

ፊልሙ በውጭ አገር ለርዳታ ሰጪዎች ታይቶ ተመስግኗል። እኔም አይቼዋለሁ። መጀመሪያ እናት እንስራ አዝለው ሲያቃስቱ፣ ከዚያ እኔ የራስ ቁር ደፍቼ በእጄ ሳመለክት፣ ከዚያ ውኃ ሲፈስ ይታያል። ቦዩን የቆፈረው ሕዝብ የለም። ሉዊ ማልን፣ የካልካታውን አሜሪካዊ ሐኪም፣ የለንደን ዘፋኞችን ስወቅስ ቆይቼ፣ በዚያ ፊልም ውስጥ የሐኪሙን ቦታ ይዤ የቆምሁት እኔው ራሴ ሆኜ አገኘሁት። የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ሪፖርቱም የተጻፈው በእኔ እጅ ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ከመካከላችን ፊልም የሚሠራ ጥቂት ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ስለ ገበሬው ብዙ ምስል የምናመርት እኛ ነን። የአዋጭነት ጥናቱ፣ የሥራ ማጠናቀቂያ ሪፖርቱ፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚለው ፎቶግራፍ ሁሉ የእኛ ነው። አንድ ገበሬ ጮቄ ላይ ውኃ እንዳያጥበው በማሳው ላይ ፈሰስ ሲያወጣ ኖሯል፤ እኛ ግን በጥናታችን ላይ «ምንም ዐይነት የአፈር ጥበቃ የለም» ብለን እንጽፍና የራሳችንን እርከን እንሥላለን። የተሠራው ፊልም ካን ባይደርስም፣ ሚኒስቴርና ረጂ ድርጅት ይደርሳል፤ በዚያም ስለዚያ ሕዝብ ይወሰናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው አሳብ ትልቅ አይደለም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰዉ ራሱ የሠራውን እናንሣ፤ ፈሰሱን፣ ካቡን፣ የገመድ መሻገሪያውን። ሥራው ሲካሄድ ዶማ የያዘውን እናንሣ፤ ከሥዕሉም ሥር፣ እርሱ ከፈቀደ፣ ስሙን እንጻፍ። ከሥራው በፊት የነበረውን ሳናነሣ ብንቀር ደግሞ አልነበረንም እንበል እንጂ ሰው ወደ ወንዝ አንመልስ። ማኅበራችንም እነዚህን ምስሎች በአንድ ቦታ ቢያኖር፣ ነገ የኃይሌ ገሪማና የያሬድ ዘለቀ ታናናሾች ስለ ጎጃም ደጋ ፊልም ሊሠሩ ሲመጡ የሚጀምሩበት ያገኛሉ።

እኔ ባለፈው ክረምት ወደዚያው ቀበሌ ሄጄ ነበር። ከሦስቱ ቦኖዎች አንዱ ተሰብሮ የውኃ ኮሚቴው ከራሱ መዋጮ ጠግኖታል። እኒያን እናት ጠየቅኋቸው፤ ደኅና ናቸው። የድሮ ፊልማቸውን በስልኬ ላሳያቸው ብፈልግ አልወደዱም። ይልቁን ወደ ተጠገነው ቦኖ ወስደው፣ «ይኸን አንሣ» አሉኝ። አነሣሁት።